መካሪ የበዛበት ካምቢዮ

ነቀምት ላይ ሰው ሲታመም መድኃኒት የሚያዝለት አንድ ሐኪም ነው፤ መኪና ሲታመም ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያዝዛል። የሸዋጌጥ ኮሮላ ሁለተኛ ማርሽ አልቀበል ያለች ሰሞን፣ ከቤቷ እስከ አደባባዩ ያለው ሰው ከ«አካም ቡልቴ» ሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቃት ስለ ጤናዋ ሳይሆን ስለ ካምቢዮዋ ነበር።

ሸዋጌጥ ኡኬ ላይ ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ቤቷ ነቀምት ስለሆነ ጠዋት ሄዳ ማታ የምትመለሰው በዚህችው ሰማያዊ ዲኤክስ ነው። አባቷ ከሸዋ ለመንግሥት ሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ፣ ወሬዋን በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የምትጨርስ የነቀምት ልጅ ናት። ከተማው «ቲቸር» ይላታል። ያገባችው የኑኑ ቁምባውን ሰው ጋሩማን ነበር። ጋሩማ መሬት ቀያሽ፣ ሳቂታ፣ ለማንም «አይ» የሚል ቃል ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር። ካረፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ልጅ አልወለዱም። ትቶላት የሄደው መኪናዋን ነው።

የመኪናዋ በሽታ ለማስረዳት ቀላል ነው። ማለዳ ብርዱ ሳይለቅ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ለመቀየር ስትሞክር ማርሹ እንደ እልኸኛ በቅሎ ቀጥ ይላል። ገፋ ካደረገችው ጥርሱን ያፋጫል። ሞቅ ሲል ደግሞ ይገባል፤ ግን እያጉረመረመ። የካምቢዮው ዘይት መቀየር እንዳለበት ሁሉም ይስማማል። የትኛው ዘይት ይግባ በሚለው ላይ ግን ሁለት ሰው እንኳ የሚስማማ አልተገኘም።

ዋነኞቹ መካሪዎች ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም እምቢ የማይባሉ።

አንደኛው የጋሩማ ታላቅ ወንድም ኦቦ ጂሩ ነው። ቡና ነጋዴ ነው፤ ሲናገር ጠረጴዛ ባይኖርም ጠረጴዛ የሚመታ ይመስላል። «መቶ አርባ ቁጥር ነው!» ይላል። «ወፍራሙ! እንደ ማር የሚንቀረፈፈው። ወፍራም ዘይት ድምፅ ያፍናል፤ ድምፅ የሌለው በሽታ ደግሞ በሽታ አይደለም።» የራሱ ፒክአፕ በዚሁ በመቶ አርባ ዘይት ተሞልታ ግቢው ውስጥ ከቆመች ቆየች፤ ዶሮዎች ጋቢናዋ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ። በእርግጥም ድምፅ የላትም።

ሁለተኛው የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ መሸሻ ናቸው። ወላጆቻቸው የጎጃም ሰዎች ናቸው፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን የመንግሥት ላንድሮቨር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ የራሳቸው መኪና ግን ኖሯቸው የማያውቅ ሰው ናቸው። የእሳቸው እምነት ካምቢዮ የሞተሩን ዘይት ይጠጣ ነው። «ልጄ፣ አንድ ቤት የሚኖር ሁሉ አንድ ወጥ ይበላል። ለሞተሩ አርባ ቁጥር ሰጥተሽ ለካምቢዮው ሌላ ብታበስዪለት ቅናት ትዘሪያለሽ።»

ሦስተኛው መካኒኩ ሮብሳን ነው። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረ፣ በቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ሆኖ የተመረጠ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጋራዡ ሲዘጋ ወደ ቤቱ የሚሄደው በባጃጅ ነው። የእሱ ክርክር የጣሳው ጀርባ ላይ በተጻፈው ላይ ይቆማል። «ቲቸር፣ በፊት ጂኤል አራት ነበር፤ ከዚያ ጂኤል አምስት መጣ። አንቺ ክፍል ውስጥ አምስት ከአራት አይበልጥም?»

«ይበልጣል፤ ግን ማዕረግ አይደለም እኮ ሮብሳን። አምስቱ ለኋላው ለዲፈረንሻሉ ነው፤ ድኝ ይበዛበታል። ካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹ ሲገናኙ የሚያለዝባቸው የነሐስ ቀለበት አለ። ድኝ ነሐስ ይበላል።»

«እሺ ይብላ። እስቲ የበላውን ካምቢዮ አሳዪኝ።»

«አንተ ጋራዥ በሩ ላይ የተደረደረው ሁሉ ምንድነው ታዲያ?»

«እሱ አሽከርካሪው ነው የበላው» አለ ሮብሳን፣ ፊቱን ሳይለውጥ።

ሦስቱ በምንም አይስማሙም፤ በአንድ ነገር ብቻ ቃላቸው አንድ ነበር። እያንዳንዱ ምክሩን ሲጨርስ «ነፍሱን ይማረውና፣ ጋሩማም እኔ ካልኩት ዘይት ሌላ ጨምሮ አያውቅም» ይላል። ይህን ብሎም አያበቃም፤ የየራሱን ጣሳ ገዝቶ ይልክላታል።

ሸዋጌጥ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትስቃለች። ምክንያቱም እውነቱን የምታውቀው እሷ ናት። ጋሩማ ከመታመሙ በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ግቢ ውስጥ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ዘይቱን ሲቀይር፣ አዲስ አበባ ሄዳ መርጣ ያመጣችው እሷው ነበረች፤ ሰባ አምስት ዘጠና፣ ጂኤል አራት፤ ለብርዱም የማይረጋ፣ ለዴዴሳ ቆላ ሙቀትም የማይቀጥን። ጋሩማ እስከ ክርኑ ዘይት ተቀብቶ ከመኪናዋ ሥር ወጣና «ያንቺን ነው የጨመርኩት» አላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለነሱ ግን እንዳትነግሪያቸው፤ ይከፋቸዋል» አለ። አልነገረችም።

ስለዚህ ምን ዘይት መጨመር እንዳለባት አልጠፋትም። እንዲያውም ክርክሩን ለመለየት የሦስቱን ጣሳና የራሷን አዲስ ዘይት በአራት የሻይ ብርጭቆ ቀድታ በረንዳ ላይ አሳደረችና ማለዳ አንድ በአንድ አዘነበለቻቸው። የኦቦ ጂሩ ዘይት ፀጉሯን አበጥራ እስክትመለስ ከብርጭቆው ጠርዝ አልደረሰም። የጋሽ መሸሻ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ገፋ ገፋ አለ። የሮብሳንና የእሷ ወዲያው ፈሰሱ፤ የሮብሳን ሽታ ግን በረንዳውን የገማ እንቁላል የተሰበረበት ክፍል አስመሰለው። ፈተናው ታርሟል፤ ውጤቱም ታውቋል።

እጇን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ጋሩማ በእጁ የሠራው የመጨረሻ ሥራ ነበር። ቤት ውስጥ ያለውን ልብስ ለዘመድ ሰጥታዋለች፤ ጫማውም ሄዷል። ቡሎኑን ፈትታ ያንን ዘይት መሬት ላይ ማፍሰስ ግን አልሆነላትም። «ዘይት እኮ ነው፣ ሸዋዬ» ትላለች ለራሷ፤ ቁልፉንም መልሳ ታስቀምጣለች። በሌላ በኩል ኦቦ ጂሩ ከጊምቢ ገዢ አግኝቶ «ካምቢዮው ሳይሞት ትሸጥ፤ ከሞተ በኋላ ማንም አይነካትም» እያለ ነው። ካላፈሰሰች መኪናዋን ታጣለች፤ ካፈሰሰች ደግሞ የእጁን ሥራ።

ታዲያ ምን አደረገች? ዋሸች።

ለኦቦ ጂሩ «መቶ አርባውን አስጨመርኩ» አለችው። ለጋሽ መሸሻም አርባ ቁጥሩን፣ ለሮብሳንም አምስቱን። ሮብሳን «የት አስቀየርሽ?» ሲል «ኡኬ፣ አንድ ሾፌር ረድቶኝ» ብላ አለፈችው። ከዚያ በየተራ እየጫነች አንሸራሸረቻቸው። ማርሹ ጥርሱን ሲያፋጭ ኦቦ ጂሩ ጣቱን አንሥቶ «ሰማሽ? ዝም አለ!» አላት። ጋሽ መሸሻ ዐይናቸውን ጨፍነው አዳምጠው «እንደ ቅቤ!» አሉ። ሮብሳን እንኳ፣ መካኒኩ፣ ራሱን ነቅንቆ «አምስት አምስት ነው» አለ። ሸዋጌጥ እነሱን ካወረደች በኋላ መንገድ ዳር አቁማ መሪው ላይ ተደፍታ ሳቀች። እንዲህ ያለ ነገር ለማን እንደሚወራ ታውቃለች፤ የሚወራለት ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩ የፈነዳው በአርጆ መንገድ ላይ ነው።

የጋሩማና የኦቦ ጂሩ እህት ልጅ ገመቺስ አርጆ ላይ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ ይላክለት ተባለ። ከተላኩት ሽማግሌዎች መካከል እነማን ቢኖሩ ጥሩ ነው? ኦቦ ጂሩ፣ ጋሽ መሸሻና ሮብሳን። የኦቦ ጂሩ መኪና ዶሮ ታቅፋለች፤ ጋሽ መሸሻ መኪና የላቸውም፤ በባጃጅ ደግሞ ልጅ አይጠየቅም። የቀረችው ሰማያዊዋ ዲኤክስ ነበረች። ሸዋጌጥ የስጦታ ጣሳዎቹን ከራሷው ጣሳ ጋር ቤት የሚመጣ ዘመድ እንዳያይባት ከመኪናዋ የኋላ ዕቃ መጫኛ ደብቃቸው ስለነበር፣ አራቱም ዘይቶች ሳይታወቅ አብረው ተሳፈሩ።

የኅዳር ማለዳ ነበር። ሦስቱም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ሦስቱም እየተኩራሩ ገቡ።

«ይቺ መኪና ዛሬ እንዴት ያለ ዝምታ ነው ያላት!» አለ ኦቦ ጂሩ ከፊት ወንበር፣ ለሸዋጌጥ በዐይኑ ጠቀስ አድርጎ።

«ቁም ነገሩ የሚጠጡት ነው» አሉ ጋሽ መሸሻ ከኋላ፤ እሳቸውም በመስታወቱ ውስጥ ጠቀሷት።

«ዕውቀት ነው፣ ዕውቀት» አለ ሮብሳን፣ ትከሻዋን በቀስታ መታ አድርጎ።

እያንዳንዱ ለሌሎቹ እያዘነላቸው ተጓዙ። ሸዋጌጥ ከንፈሯን ነክሳ መንገዱን ብቻ ታያለች። ቁልቁለቱን እንደምንም ወረዱ። የአርጆ ዳገት ሲጀምር ግን ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ልትመልስ ፍሪሲዮኑን ረገጠች፤ ማርሹ እምቢ አለ። ደግማ ሞከረች። ካምቢዮው ብረት በወፍጮ የሚፈጭ የመሰለ ጩኸት አሰማና መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆመች።

ሸዋጌጥ የእጅ ፍሬኑን ሳበች።

«አርባ ቁጥሩ ገና አልሞቀም» አሉ ጋሽ መሸሻ ሊያጽናኗት።

ኦቦ ጂሩ አንገቱን አዞረ። «የምን አርባ ቁጥር?»

«ካምቢዮው ውስጥ ያለው ነዋ።»

«ካምቢዮው ውስጥ ያለው መቶ አርባ ነው!»

«ወንድሞቼ» አለ ሮብሳን በትሕትና፣ «ሁለታችሁም ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ያለው የኔው ጂኤል አምስት ነው።»

ከዚያ ሦስቱም ሸዋጌጥን አዩ። እሷ መሪውን ይዛ ፊት ለፊቷ ያለውን ባሕር ዛፍ ትመለከታለች።

«የማናችሁም አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ጋሩማ የጨመረው ነው። ማንም አልነካውም።»

«እና እኔ ያን ቀን የሰማሁት ዝምታ?» አለ ኦቦ ጂሩ።

«የርስዎ ነው። እኔ አልሰማሁትም።»

ሽማግሌ ሦስት ሆኖ መንገድ ዳር ከቆመ ያለ ጉባኤ አይነሣም። ወርደው ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እሷን ከፊታቸው አቆሙ። «ሽማግሌ አታለሽ» ተባለ። «አዎ» አለች። «ለምን?» ተባለ። «እምቢ እንዳልላችሁ ነው» አለች፤ የቀረውን ምክንያት ዋጠችው። ሦስቱ ራቅ ብለው ተማከሩና ፍርዱን ኦቦ ጂሩ አሰማ፤ ማንም እንዳይከፋ የሦስቱም ዘይት እኩል እኩል ተደባልቆ ይጨመር። ሮብሳን ይህ ድብልቅ ካምቢዮ እንደሚገድል እያወቀ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ዛሬ የመጣው ሽማግሌ ሆኖ እንጂ መካኒክ ሆኖ አልነበረም።

«ቶሌ» አለች ሸዋጌጥ። እሺ ማለቷ ነው። ጣሳዎቹም ከኋላ ተጭነው እንዳሉ ነገረቻቸው።

የቀረውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እየተንገፈገፉ ጨርሰው የልጅቷ አባት የኦቦ ቀነአ ግቢ ደረሱ። ኦቦ ቀነአ ጎልማሳ ሳሉ የጭነት መኪና ነበራቸው፤ መኪና ሥር ገብቶ የሚሠራበት ጉድጓድ አሁንም ከአጥሩ ጥግ አለ። ሽማግሌዎቹ ቆመው መልእክታቸውን በወግ አደረሱ። ባለቤቶቹም በልማዱ «እስቲ ተማክረን እንመለስ» ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ምክር ደግሞ እንደ ቤተሰቡ ብዛት ነው።

ሮብሳን ካፖርታውን አወለቀ። «እስኪመለሱ ይሠራል። አምጪ ጣሳዎቹን፣ ቲቸር።»

መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆመች። ሮብሳን ወርዶ ሥሩ ሳፋ አስቀመጠ፤ ቁልፉን ቡሎኑ ላይ አሳርፎ ቀና ብሎ አያት። እሷ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ነበር። የፈራችው ይህንን ሰዓት ነው። «ፍታው» አለች።

ዘይቱ ወረደ። ከሁሉ አስቀድሞ ፊቱ የተለወጠው ኦቦ ጂሩ ነበር፤ ዘይቱ እንደ ማር አልተንቀረፈፈምና። ጋሽ መሸሻ መነጽራቸውን አደረጉ፤ እንደ ሞተር ዘይት አልጠቆረም። ሮብሳን በጣቱ ነክቶ አሸተተ፤ የድኝ ሽታ የለውም። ቀጭን ነው፤ ጠቋቁሮም ቢሆን ቀይ ነው።

«ይሄ…» አለ ሮብሳን ከጉድጓዱ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይሄ መሪ ውስጥ የሚጨመረው ቀይ ዘይት ነው።»

«እኔ ካልኩት ሌላ አልጨምርም ብሎኝ ነበር!» አለ ኦቦ ጂሩ።

«እኔንማ እድር ፊት ነው የማለልኝ» አሉ ጋሽ መሸሻ።

«የኔን ጣሳ ታዲያ የት አደረሰው?» አለ ሮብሳን።

«የኔንስ?»

ሸዋጌጥ ጋሩማ ያላት ትዝ አላት። ያንቺን ነው የጨመርኩት፤ ለነሱ ግን እንዳትነግሪያቸው። ያን ሁሉ ጊዜ በሦስቱ ስትስቅ፣ እሷ አራተኛዋ ነበረች። ዘይት የተቀባ ፊቱ፣ ሚስጥር ሲነግራት የተኮማተረ ዐይኑ ታያት። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ፣ ጣሳ አንብባ፣ ሻጭ ተከራክራ ያመጣችውን! አጥሩን ተደግፋ ተቀመጠችና መሳቅ ጀመረች። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ አለቀሰች ብለው ደነገጡ፤ ከዚያ ሳቋ ገብቷቸው አብረው ሳቁ፤ ከዚያ ደግሞ እንባዋን አይተው እንደገና ግራ ገባቸው።

«ሌባ!» አለ ኦቦ ጂሩ ዐይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «እንዴት ያለ ሌባ ወንድም ነበረኝ!»

ሸዋጌጥ ስትረጋጋ ሮብሳን ከጉድጓዱ ያወጣው ሳፋ ውስጥ ጣቷን ነክራ ወደ ፀሐይ አወጣችው። ጣቷ ላይ ወርቅ የመሰለ ብናኝ ያብረቀርቃል። የነሐሱ ቀለበት ነው፤ ተፍቆ ተፍቆ የወረደው። ቀጭኑ ዘይት በብርድ ባይረጋም ለቁልቁለቱና ለሙቀቱ አቅም አልነበረውም፤ ማለዳ ማርሹን እልኸኛ ያደረገውም ይኸው የተፈቀው ቀለበት ነው። ጋሩማም ተሳስቷል። ይህን እያየችው ነው፤ ብትወደውም ተሳስቷል።

«እና አሁን?» አለ ሮብሳን። «እንደ ፍርዱ እንደባልቅ?»

«አይሆንም» አለች ሸዋጌጥ። ተነሥታ የራሷን ጣሳ አቀበለችው። «ይሄንን። ከጎን ካለው ቀዳዳ መልሶ እስኪፈስ።»

ሽማግሌዎቹ «አይሆንም» ከአፏ ሲወጣ ሰምተው አያውቁምና ተያዩ። ሮብሳን ጣሳውን ተቀብሎ አገላብጦ አየው፤ አራት ይላል። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው፤ ሥራውንም ጀመረ።

በዚሁ መካከል ኦቦ ቀነአ መልሳቸውን ይዘው ከቤት ወጡ። ጉድጓዱ አጠገብ ተሰብስበው ሲያዩዋቸው ግን የመጡበትን ረስተው ጎንበስ አሉ። «ካምቢዮ ነው? ሞኞች! ሁለት እፍኝ ግራሶ ጨምሩበት። የኔ መኪና ዕድሜዋን የቆየችው በግራሶ ነው።»

ኦቦ ጂሩ ሸዋጌጥን አያት። ጋሽ መሸሻ አዩዋት። ሮብሳንም ከጉድጓዱ አንገቱን አውጥቶ አያት። የልጅቷ ነገር ገና በሰውየው አፍ ውስጥ ነው፤ የሦስቱም ዐይን «ስለ ገመቺስ ብለሽ እሺ በይ» ይላል።

«አይሆንም፣ ኦቦ ቀነአ» አለች ሸዋጌጥ። «ግራሶ ማርሹ ጥርስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ቀለበቱ ጋ አይደርስም። የርስዎ መኪና የቆየችው ግራሶ ቢኖርም ነው እንጂ በግራሶ አይደለም።»

ኦቦ ቀነአ ቀና ብለው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። «ይቺ የማናት?»

«የጋሩማ ሚስት ናት» አለ ኦቦ ጂሩ በተሰበረ ድምፅ።

«ጋሩማን አውቀዋለሁ። ይህን መሬት የቀየሰልኝ እሱ ነው። እሱም ግራሶ ስለው እሺ ብሎኝ ነበር።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደገና ሳቅ እንዳያመልጣቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኦቦ ቀነአ ግን ዐይናቸው ሳፋው ላይ አርፏል። «ያንን አሮጌ ዘይት ምን ታደርጉበታላችሁ? ምስጥ አጥሬን እየጨረሰው ነው። እንጨቱን ብቀባበት…»

ሸዋጌጥ ሳፋውን አየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ አነሣችና አቀበለቻቸው። «ይውሰዱት። ከሥሩ ይጀምሩ፤ ምስጥ የሚመጣው ከመሬት ነው።»

ኦቦ ቀነአ ጨርቅ አስመጥተው የመጀመሪያውን እንጨት መቀባት ጀመሩ። አንዱን ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ሲያልፉ፣ ዞር ሳይሉ «ልጅቷን ሰጥተናል፤ ግቡና እህል ቅመሱ» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ዳገቱን ሲወርዱ ሸዋጌጥ ፍሪሲዮኑን ረግጣ ወደ ሁለተኛ መለሰች። ማርሹ ገባ። ካምቢዮው ትንሽ እንደ ማዜም ብሏል፤ የተፈቀው ነሐስ አይመለስምና። ሆኖም ገባ። ከኋላ ያሉት ሁለቱ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ኦቦ ጂሩ ብዙ ከቆየ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ወደ ጊምቢ ደወለ።

«መኪናዋ አትሸጥም» አለ ለገዢው። «አዎ፣ ቁርጥ ነው። ካምቢዮዋ ተስተካክሏል።» ወደ ሸዋጌጥ በጎን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጨመረ፤ «መቶ አርባ ነው ያስጨመርኩላት።»

ሸዋጌጥ ሦስተኛ አስገባች።